ከኸሊፋ ግብር እስከ ልጅ ልደት፦ የሚበላ ቅርጽ ታሪክ

ዛሬ አንድ ልጅ አምስት ዓመት ሲሞላው ወላጆቹ ኬክ ሲያዝዙ የሚያስቡት ስለ ጣዕሙ ብቻ አይደለም። ልጁ የሚወደው አንበሳ፣ አውሮፕላን ወይም የተረት ጀግና በኬኩ አናት ላይ ቆሞ እንዲታይ ይፈልጋሉ። ባለሙያዎቹ ይህን የአናት ቅርጽ ቶፐር ይሉታል። ከሱቅ ተገዝቶ የሚሰካ የፕላስቲክ አሻንጉሊት አለ፤ ከስኳር ሊጥ በእጅ ተበጅቶ ከኬኩ ጋር የሚበላም አለ። ብዙ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዋጋ ብቻ ይመስለዋል። ታሪኩን ከጥንት ጀምሮ ለሚከታተል ግን ነገሩ ከዋጋ ያለፈ ነው። የስኳር ቅርጽ ወደ ሺህ ዓመት በሚጠጋ ጉዞው ለሰው ክብር ሲሰጥ የኖረው የሚበላ በመሆኑ ነው፤ ደጋሹ በብዙ ድካምና ወጪ ያሠራውን ውብ ነገር ለራሱ አያስቀረውም፣ ለእንግዶቹ አካፍሎ ይጨርሰዋል። መበላቱ በቀረ ቁጥር ቅርጹ ከግብዣው ተነጥሎ የባለቤቱ ንብረት ሆኗል። ከዚህ በታች የሚተረከው ታሪክ ይህንኑ ያሳያል፤ ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሸንኮራ አገዳ ከኒው ጊኒ ተነሥቶ ወደ እስያ የተዛመተ ተክል ነው። ጭማቂውን አፍልቶ ወደ ጠጣር ስኳር የመለወጡን ጥበብ ያዳበሩት ሕንዶች ሲሆኑ፣ ጥበቡ በፋርስ በኩል አልፎ ከእስልምና መስፋፋት ጋር ግብፅና የሜዲትራኒያን ዳርቻ ደረሰ። የናይል ሸለቆ ሙቀትና የመስኖ ውሃ ለአገዳው ተስማማው፤ ካይሮም በስኳር የከበረች ከተማ ሆነች። ፋርሳዊው ገጣሚና መንገደኛ ናስር ኽስሮው በ1040ዎቹ መጨረሻ ካይሮ በነበረበት ጊዜ፣ ፋጢማዊው ኸሊፋ አል ሙስተንሲር የሚያበሉትን የበዓል ግብር አዳራሽ ቀድሞ የማየት ዕድል አገኘ። ለዚያ ቀን ማዕድ 50,000 መን (የዘመኑ የክብደት መለኪያ) ስኳር መመደቡን እንደነገሩት ጽፏል። ቁጥሩን የቤተ መንግሥት ሰዎች አጋንነውት ይሆናል። በዓይኑ ያየውን ግን በዝርዝር አስፍሯል፤ ቅርንጫፉም ቅጠሉም ከስኳር የተሠራ የብርቱካን ዛፍ፣ በዙሪያውም በሺህ የሚቆጠሩ የስኳር ምስሎች ነበሩ። ያ ዛፍ እንደ ወርቅ ጌጥ ከግምጃ ቤት ወጥቶ ተመልሶ የሚገባ አልነበረም። የተሠራው ለበዓሉ ገበታ ነበር፤ ኸሊፋውም ሀብታቸውን ያሳዩት እንዲህ ያለውን ሥራ ለአንድ ቀን ማዕድ በማቅረብ ነው።

ስኳር ወደ ሰሜን አውሮፓ ሲደርስ ከቅመማ ቅመምና ከመድኃኒት ጋር በጥቂት በጥቂቱ የሚሸጥ ውድ ዕቃ ነበር። በእንግሊዝ የነገሥታት ግብዣ ላይ በየምግቡ ዙር መጨረሻ ከስኳር፣ ከተፈጨ አልሞንድና ከሊጥ የተበጀ ትዕይንት ይቀርብ ጀመር። ከእነዚህ ሁሉ በደንብ ተመዝግቦ የቆየው ኅዳር 6 ቀን 1429 በዌስትሚኒስተር በሄንሪ ስድስተኛ የዘውድ በዓል ግብዣ ላይ የቀረበው ነው። ንጉሡ ገና ስምንት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ የእንግሊዙ ቅዱስ ኤድዋርድና የፈረንሳዩ ቅዱስ ሉዊ ሕፃኑን ንጉሥ መሃል አድርገው የያዙበት ትዕይንት ወጣ። በሁለተኛው ንጉሡ በሟቹ አባታቸውና በጀርመኑ ንጉሥ በሲጊስሙንድ ፊት ተንበርክከዋል። በሦስተኛው ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ ዴኒስ ንጉሡን ለድንግል ማርያም ያቀርባሉ። ለእያንዳንዱ ገጣሚው ጆን ሊድጌት ስንኝ ጽፎለታል። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ የአንድ ልጅ ርስት ናቸው ማለት ነው። ከንጉሥ ገበታ የበላ ሰው የንጉሡን ጌትነት ተቀብሏል፤ በአገራችን ቤተ መንግሥት ግብር ይበላ የነበረ መኳንንትና ጭፍራም ይህን አሳምሮ ያውቀው ነበር። ከዚህ ግብዣ ሌላም ነገር እናስተውላለን። ትዕይንቱ የተሠራው ለሕፃን ነው፤ ሕፃኑ የሚወደው ነገር ግን አንድም አልነበረበትም። የስኳሩ ቅርጽ የተናገረው ስለ ዘውዱ እንጂ ስለ ልጁ አይደለም። ልጁን ራሱን ለማክበር ገና ብዙ ዘመን ይቀር ነበር።

ቀጣዩ ለውጥ የመጣው ከሙያው ውስጥ ነው። የፈላ ስኳር በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሊፈስ ይችላል፤ በእጅ ሊጠፈጠፍ ግን አይችልም። መፍትሔው በኢራንና በቱርክ ደጋዎች ከሚበቅል እሾሃማ ቁጥቋጦ የሚወጣው ትራጋካንት የተባለ ሙጫ ነበር። በ1555 በቬኒስ በአሌሲዮ ፒዬሞንቴሴ ስም የታተመው የምስጢራት መጽሐፍ አሠራሩን ለሕዝብ ገለጠው። ሙጫው በጽጌረዳ ውሃ ተዘፍዝፎ እስኪያብጥ ይቆያል፤ ከዚያ ጥቂት የሎሚ ጭማቂና የእንቁላል ነጭ ይገባበትና ከደቀቀ ስኳር ጋር በሙቀጫ ይወቀጣል። ያበጠው ሙጫ ውሃውን ስለሚይዝ የስኳሩ ዱቄት ሳይፈረፈር ይለጠጣል፣ ይዳመጣል፣ ይቆረጣል፤ አየር ሲያገኝም ደርቆ ይጠነክራል። መጽሐፉ ከዚህ ሊጥ ፍራፍሬ፣ ሳህንና ጽዋ መሥራት እንደሚቻል ካስተማረ በኋላ፣ ተጋባዦች በማዕዱ መጨረሻ የተመገቡበትን ዕቃ ሰባብረው እንዲበሉት ይመክራል። ዛሬ የኬክ ባለሙያ የሚያቦካው የስኳር ሊጥ በመሠረቱ ይኸው ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ ከፖላንድ ሲመለሱ በቬኒስ የጦር መርከብ መሥሪያ ግቢ ተጋበዙ። የገበታው ጨርቅ፣ ሳህኑ፣ ቢላዋውና ዳቦው ሁሉ ከስኳር የተሠራ ነበር። ንጉሡ የእጅ መጥረጊያውን አነሣለሁ ሲሉ በእጃቸው ላይ ተሰበረ። ቬኒስ ያን ቀን ሀብቷን ያሳየችው እንግዳዋ እስኪነካው ድረስ የማይለየውን ሥራ ለጥርስ አሳልፋ በመስጠት ነው።

በ1600 ማሪያ ደ ሜዲቺ ለፈረንሳዩ ሄንሪ አራተኛ በፍሎረንስ ስትዳር ሙሽራው አልነበሩም፤ በወኪል ነበር የተጋቡት። በፓላዞ ቬኪዮ በተደረገው ድግስ ላይ ግን ታላቁ ቀራፂ ጃምቦሎኛ በነሐስ ይሠራቸው የነበሩ ምስሎች በስኳር ተቀርጸው ገበታውን ሞሉት። የስኳር ሥራ ከቅርጻ ቅርጽ ጥበብ ጋር እኩል የቆመበት ጊዜ ነበር፤ በአንድ አውደ ጥበብ ውስጥ የወጣ ንድፍ በነሐስም በስኳርም ይሠራ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሥራ በእርግጥ የሚበላ ሰው ነበር? ካልተበላስ መበላቱ ዋናው ነገር ነው ማለት እንዴት ይቻላል? ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1687 የእንግሊዙ ንጉሥ የጄምስ ሁለተኛ መልእክተኛ ካስልሜይን በሮም ባዘጋጁት ግብዣ የስኳር ምስሎቹ ከማዕዱ በፊት ለሕዝብ ታይተዋል፤ ከግብዣው በኋላም ለከተማዋ ወይዛዝርት ተልከዋል። ሁሉም ምስል በዚያው ሰዓት ተቆርጥሞ አላለቀም። ነገር ግን የተላከው ስጦታ ከማዕዱ የተገኘ ድርሻ ነበር፤ ደጋሹም መልሶ ዕቃ ቤቱ አላስገባውም። የሚበላ መሆኑ ቅርጹ የሁሉም ድርሻ እንዲሆን ያደርጋል። አንዱ ወዲያው ይቀምሰዋል፣ ሌላው ለቤተሰቡ ይዞለት ይሄዳል፤ ለዘለዓለም የእኔ ነው ብሎ የሚያስቀምጠው ግን የለም።

ይህ እውነት እንደሆነ ያሳየው ተቃራኒው ነው። በ1710 በሳክሶኒ የማይሰን የሸክላ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ አውሮፓም እስከዚያ ከቻይናና ከጃፓን ብቻ ይመጣ የነበረውን ነጭ ሸክላ መሥራት ጀመረች። በ1731 የተቀጠረው ቀራፂ ዮሐን ዮአኪም ኬንድለር እረኞችን፣ ተዋንያንንና እንስሳትን በትንንሽ የሸክላ ምስል አወጣ። ምስሎቹ የተቀመጡት ቀድሞ የስኳር ምስል ይቆምበት በነበረው የጣፋጭ ገበታ ላይ ነው፤ በጌቶች ቤትም የሚጠበቁት በጣፋጭ ሠሪው ክፍል ኃላፊነት ነበር። ሸክላው እርጥበት አያሟሟውም፣ አይጥም አይበላውም፣ ለሚቀጥለው ግብዣም ያገለግላል። በቁጠባ ዓይን ካየነው ትልቅ እድገት ነው። ነገር ግን እንግዳው ከዚያ ወዲህ ምስሉን አይቶ ከማድነቅ በቀር የሚደርሰው ድርሻ አልነበረም። ምስሉ በመዝገብ ተቆጥሮ ተቆለፈበት፤ ቀጥሎም የሰብሳቢዎች ሀብት ሆነ። የማዕድ ጥበብ የነበረው በአንድ ትውልድ ጊዜ ውስጥ የመስታወት ቁም ሣጥን ዕቃ ሆኖ ቀረ።

በዚሁ ዘመን ስለ ስኳር ሲነሣ ዝም ተብሎ የማይታለፍ ነገር አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓን ገበታ የሚያጣፍጠው ስኳር የሚመጣው በዋናነት ከካሪቢያን ደሴቶች ነበር፤ አገዳውን የሚቆርጡትና በፈላ ጋን ሥር የሚቃጠሉትም ከአፍሪካ ተግዘው የተሸጡ ሰዎች ነበሩ። ታዲያ የግፍ ፍሬ የሆነ ነገር ስለ ክብርና ስለ መካፈል ይናገራል ማለት ግብዝነት አይደለም? ይህ ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ነው፤ በዘመኑ የነበሩ ሰዎችም አንሥተውታል። በ1791 የብሪታንያ ፓርላማ የባሪያ ንግድን የሚያስቀር ረቂቅ ሲጥል ዊልያም ፎክስ ሕዝቡ የካሪቢያን ስኳር እንዳይገዛ የሚመክር ጽሑፍ አሳተመ። የባሪያ ንግድን ይቃወም የነበረው ቶማስ ክላርክሰን 300,000 ያህል ሰዎች ስኳሩን እንደተዉ ገምቷል። በዚያው ዓመት በሴንት ዶሚንጎ ባሮቹ ራሳቸው ተነሥተው ዛሬ ሄይቲ የምትባለውን አገር ወደ ነፃነት የሚወስደውን ጦርነት ጀመሩ። የስኳር ቅርጽ ይህን ታሪኩን መካድ አይችልም። ሆኖም ግፉ ያለው ስኳሩ በተመረተበት መንገድ ላይ እንጂ ማዕድ በመካፈሉ ላይ አይደለም። ስኳሩን እምቢ ያሉት ሰዎችም የያዙት ይህንኑ መርህ ነው፤ ገበታ የሚከበረው ያመረተውም ሰው ሲከበር ነው።

ስኳርን ይበልጥ ወደ ተራ ሰው ለማውረድ የረዳው ሌላ ተክል ነበር። በ1747 በርሊን ላይ ኬሚስቱ አንድሬያስ ማርግራፍ ከቀይ ሥር ወገን በሆነ ተክል ውስጥ ያለው ስኳር ከአገዳው ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጠ። ተማሪው ፍራንዝ አሻርድ በ1801 በሲሌዢያ የመጀመሪያውን የሥር ስኳር ፋብሪካ አቋቋመ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስኳር ረከሰ፤ ብሪታንያ በ1874 ቀረጡን ጨርሳ ስታነሣ ሠራተኛውም ቤት የየቀን ዕቃ ሆነ። በፓሪስ ደግሞ ጣፋጭ ሠሪው አንቶናን ካሬም በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሕንፃ ንድፎችን እያጠና፣ ፍርስራሽ ቤተ መቅደስና ድልድይ የሚመስሉ ትላልቅ የስኳር ሥራዎችን ለመኳንንቱ ይሠራ ነበር። ንድፎቹን በ1815 በመጽሐፍ ማሳተሙ የቤተ መንግሥቱን ምስጢር ለማንኛውም ሠልጣኝ ከፈተው።

ቅርጹ ከኬክ ጋር የተገናኘው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ልደት ነው፤ በ1746 በጀርመን የካውንት ዚንዘንዶርፍ ልደት ሲከበር ትልቅ ኬክ እንደተጋገረና በዕድሜያቸው ቁጥር ሻማ እንደተሰካበት ተጽፏል። ያው ልማድ በጀርመን ቤቶች የልጆች ልደት ሆኖ ሰፋ። ሁለተኛው ሠርግ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ የካቲት 10 ቀን 1840 ሲያገቡ የቀረበው ኬክ 136 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። አናቱ ላይ ብሪታንያ በሴት አምሳል ቆማ የጥንት ልብስ የለበሱትን ሙሽሮች ትባርካለች፤ ከሙሽራው እግር ሥር ውሻ አለ፣ ከሙሽራዋ እግር ሥር ርግቦች አሉ፣ የፍቅር መልአክም የጋብቻውን ዕለት በመጽሐፍ ይጽፋል። ከአራት መቶ ዓመት በፊት በዌስትሚኒስተር ከቀረበው ጋር ሲተያይ ለውጡ ግልጽ ነው። አገርም ዘውድም አሁንም አሉበት፤ ውሻው ግን ስለ ታማኝነት፣ ርግቦቹም ስለ ሁለት ሰዎች ደስታ ነው የሚናገሩት። የሥልጣን ቋንቋ ወደ ቤተሰብ ቋንቋ መለወጥ ጀምሯል።

የሸክላው ታሪክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሌላ መልኩ ተደገመ። የሙሽራና የሙሽሪት ምስል በጀሶ፣ ቀጥሎም በፕላስቲክ በገፍ እየተመረተ የኬክ አናት ያዘ። በግብፅም በመውሊድ በዓል ለሴት ልጅ አሻንጉሊት፣ ለወንድ ልጅ ፈረሰኛ ከስኳር ተሠርቶ መስጠት የቆየ ልማድ ነበር፤ የፈላው ስኳር በእንጨት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ ሲጠነክር በቀለምና በወረቀት ይጌጣል። በቅርብ አሥርት ዓመታት ይህንንም በብዙ ገበያ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ተካው። ፕላስቲክ ርካሽ ነው፣ አይሰበርም፣ ለሻጩም ያመቻል። ነገር ግን አንድ ዓይነት ሆኖ በሺህ የሚታተም ምስል ልጁን ለይቶ አያውቀውም፤ ከበዓሉ በኋላም ወይ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ወይ ቆሻሻ ላይ ይወድቃል።

የሚበላው ቅርጽ በዚህ ጊዜ የተረፈው በቤት እመቤቶችና በትንንሽ ኬክ ቤቶች ነው። ዲዊ ማኪንሊ ዊልተን በ1929 በቺካጎ ለሆቴል ሠራተኞች የኬክ ማስጌጥ ትምህርት ጀመረ። የዊልተን ኩባንያ መሣሪያዎችና መጻሕፍትም በኋላ ሙያውን ወደ ተራ ቤተሰብ ኩሽና አደረሱት። በአውስትራሊያ በ1980 የወጣው የዊሜንስ ዊክሊ የልጆች ልደት ኬክ መጽሐፍ ደግሞ ከዚያም ራቅ ብሎ ሄደ። ቅርጽ ለመሥራት ቀራፂ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ የዳክዬዋ አፍ ከድንች ቺፕስ ይሠራል፣ የባቡሩ ፉርጎ ፈንዲሻ ይጫናል፣ የመዋኛ ገንዳው ውሃ ጄሊ ነው። እናቶች እነዚህን ኬኮች ሌሊት እየተቀመጡ ሠሩ፤ የዚያ ትውልድ ልጆችም አድገው ለራሳቸው ልጆች ደገሙት። በ2006 እና በ2009 በአሜሪካ የተጀመሩት የኬክ ሥራ የቴሌቪዥን ዝግጅቶች፣ በ2010ም የብሪታንያው የመጋገር ውድድር ሙያውን ይበልጥ አሳወቁት። በዌስትሚኒስተር የዘውድ መናገሪያ የነበረው ጥበብ አሁን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ልጅ የሚወደው ምንድን ነው?

ዛሬ አንድ አንበሳ እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ እንይ። ባለሙያው ፎንዳንት በሚባለው የስኳር ሊጥ ላይ ሲኤምሲ የተባለ ከዕፅዋት የሚገኝ ዱቄት ጥቂት ጨምሮ ያሻል። ዱቄቱ የትራጋካንትን ሥራ ይሠራል፤ ውሃ ይይዛል፣ ሊጡ ሳይሰነጠቅ እንዲቆም ያደርጋል። መጀመሪያ ገላው ይድበለበልና ለብቻው ይደርቃል፤ ጭንቅላት የሚጫንበት ሥር ካልጠነከረ ቅርጹ ይቀመጣል። ጭንቅላቱን ከአንገቱ ጋር ለማያያዝ ጠንቃቃ ባለሙያ በጥርስ መጎርጎሪያ ፋንታ ያልተቀቀለ ስፓጌቲ ይሰካል። ደጋፊውም መበላት አለበት፤ ልጅ አንበሳውን ሲነክስ ጉሮሮው ላይ እንጨት ሊገጥመው አይገባም። ጎፈሩ በቀጭኑ እየተዳመጠ አንድ በአንድ በውሃ ይጣበቃል። ስኳር የአየር እርጥበት ስለሚስብ በክረምት ወራት ቀናት ቀድሞ መጀመር ያስፈልጋል። ፍሪጅ የገባ ቅርጽም ወጥቶ ሙቀት ሲያገኝ ላብ ይይዘዋል፣ ቀለሙም ይሮጣል። በ1555 የተጻፈው አሠራር በዚህ ጠረጴዛ ላይ ገና በሥራ ላይ ነው።

በኢትዮጵያም ይህ ጥበብ ሥር የያዘው ስኳር በአገር ውስጥ ከተመረተ በኋላ ነው። የኔዘርላንዱ ኩባንያ ኤችቪኤ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ አስጀመረ። ቶርታ የከተማ ልደትና ሠርግ ማድመቂያ ሆነ፤ ዛሬ በአዲስ አበባም፣ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው የውጭ ከተሞችም መሶብና ጀበና የሚመስሉ ኬኮች ይሠራሉ። እዚህ አገር መበላት ተጨማሪ ጥያቄ ያነሣል። አንዳንድ ፎንዳንት ጄላቲን አለበት፤ ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም ከአሳማ። ስለዚህ ጄላቲን ያለበት ለጿሚው፣ ከአሳማ የተገኘው ደግሞ ለሙስሊሙ አይሆንም። በጾም የሚውል ልደት ላይ የእንቁላል ነጭ ያለበት ሊጥም እንዲሁ። በዕፅዋት ሙጫ የተሠራ ሊጥ ግን ማንንም ከገበታው አያስቀርም። ባለሙያ ከምን እንደሠራው ለገዢው መንገር ያለበትም ለዚህ ነው። ሁሉም እንግዳ የማይቀምሰው የስኳር ቅርጽ ግማሹ ፕላስቲክ ሆኗል ማለት ይቻላል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከጤና በኩል ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ሰው ከሚያገኘው ጉልበት ከስኳር የሚመጣው ከአሥር እጅ አንድ እጅ እንዳያልፍ ይመክራል፤ ታዲያ በክሬም ኬክ ላይ የስኳር አንበሳ መጨመር ምን ይረባል? ምክሩ ትክክል ነው፤ ልጆቻችንን የሚጎዳው ግን በዋናነት በየቀኑ የሚጠጣው ለስላሳና በየቀኑ የሚቆረጠመው ከረሜላ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ለሃያ ልጆች የሚከፋፈል መዳፍ የሚያህል ቅርጽ፣ ጣፋጭ የበዓል እንጂ የየቀን ምግብ እንዳልሆነ ያስተምራል። ቅርጹ ትንሽ ይሁን፤ ግን ይበላ። ልደቱ የሚከበርለት ልጅ የሚወደውን አንበሳ ቆርሶ ለጓደኛው ሲሰጥ፣ ኸሊፋዎችና ነገሥታት በብዙ ሀብት ያሳዩት የነበረውን ልግስና በገዛ እጁ ይፈጽማል። ወላጅ ለቶፐር ገንዘብ ሲያወጣ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው፤ ልጄ ከዚህ ቆርሶ ለሌላ መስጠት ይችላል?